ብሎኑን ከማዞራችሁ በፊት፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ካርብሬተር በአዲስ አበባ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ስታስቸግር መጀመሪያ የሚፈረድበት ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርብሬተሩ ነው። መብራት ላይ ጠፋች? ካርብሬተር። ዳገት አቃታት? ካርብሬተር። ቤንዚን በላች? እሱም ካርብሬተር። ከዚያ አንዱ ካቻቪቴ ያነሳና በመጀመሪያ ያገኘውን ብሎን ማዞር ይጀምራል። እኔ የምነዳት ሆንዳ ኤክስኤል 125 በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ናት። እጄ ከመግባቷ በፊት ይህ ሁሉ ደርሶባታል። አሁን ደህና ትሄዳለች። እስክትስተካከል ድረስ ያየሁትን እዚህ ላስቀምጥ፤ በተለይ መሃል ከተማ ውስጥ አሮጌ ሞተር ለምትነዱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፒያሳና ካዛንቺስ አካባቢ ሰፈሮቹ ከተነሱ ወዲህ የማምናቸው ሜካኒኮች ወደ ዳር ወጥተዋል። እየገፉ እዚያ ድረስ ከመሄድ ግቢ ውስጥ የሚሠራውን ግቢ ውስጥ መጨረስ ይሻላል።

የኔዋ ችግር አንድ አልነበረም። ጠዋት ያለ ችግር ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ግን ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ የምትሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አትይዝም፣ ቀጥ ትላለች። ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ስወጣ ደግሞ ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ትታፈናለች፤ ከማርሚታዋ (ከጭስ ማውጫዋ) ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሌሊት ግቢ ስታድር ከሥሯ ቤንዚን ያንጠባጥባል። ሰዉ ሁሉ «ካርብሬተሯ ተበላሽቷል» ይለኝ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ይህ አባባል ምንም አይጠግንም። ሦስቱም የተለያዩ በሽታዎች ነበሩ፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ካርብሬተር ከውጭ አንድ ዕቃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቤንዚን የሚያልፍባቸው የተለያዩ መንገዶች አሉት። የትኛው መንገድ እየሠራ እንደሆነ የሚወስነው ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደከፈታችሁት ነው። ዝግ ሲሆንና ትንሽ ብቻ ሲከፈት ቤንዚኑ የሚመጣው በትንሹ ጂግለር (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) በኩል ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ የሚወስነው ከስላይዱ (ነዳጅ ስትሰጡ እየተነሳ የአየሩን መንገድ ከሚከፍተው ክፍል) ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ረጅሙ መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ደግሞ ኃላፊው ትልቁ ጂግለር ነው። ስለዚህ «ምን ሆነች?» ከማለታችሁ በፊት «ስትታመም እጄ የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍጥነቷ ወይም ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለች ብዙም አይነግራችሁም። የእጃችሁ ቦታ ነው የሚናገረው።

ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ብቻ ነው። አንዱን የሚዞረው እጀታ ላይ፣ ሌላውን የማይዞረው ክፍል ላይ ለጥፉ። ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ ብላችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ መንገዱ ባዶ በሚሆንበት እሁድ ማለዳ ቸርችል ጎዳና ውጡ። ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ሽቅብ ሲሆን ሞተሩ ጭነት ስላለበት ነዳጅ እየሰጣችሁ ብዙ ሳትፈጥኑ መሞከር ትችላላችሁ። ቁልቁል ስትመለሱ ደግሞ እጃችሁን ለቃችሁ ድምጿን ትሰማላችሁ። የኔዋ እስከ ግማሽ ድረስ ደህና ነበረች፤ መታፈኑ የሚጀምረው ከሦስት አራተኛ በላይ ነው። መብራት ላይ መጥፋቷ ደግሞ የዝግ ቦታ ችግር ነው። ያን ቀን ምንም ሳልፈታ ሁለት የተለያዩ ጂግለሮች ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች እንዳሉ አወቅኩ።

ካርብሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዙሪያውን እዩ። ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) አውጡና ተመልከቱ። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጣ ካለ አንሷል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ሆኖ በዘይት ከረጠበ ግን ጉዳዩ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም ቫልቭ ነው፤ ካርብሬተሩን አትንኩት። ካንዴላውን የምታዩት ከነዳችሁ በኋላ ወዲያው አጥፍታችሁ ነው እንጂ ግቢ ውስጥ ሚኒሞ ላይ ካቆያችኋት በኋላ አይደለም፤ ሚኒሞ ላይ የቆየ ካንዴላ ያታልላል። የአየር ፊልትሮውንም እዩ። በበጋ የአዲስ አበባ አቧራ ፊልትሮውን ደፍኖት ቢሆን አየር ስለሚያንስ ቤንዚን የበዛ ይመስላል። በፊልትሮ ምክንያት ጂግለር የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የታንኩ ክዳንም አይዘንጋ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለ። ከተደፈነ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጥቂት ከሄደች በኋላ ትጠፋለች፣ ትንሽ ካረፈች በኋላ ራሷ ትነሳለች፣ ከዚያ እንደገና ትጠፋለች። ስትጠፋ ክዳኑን ክፈቱት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ አገኛችሁት። በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ብለው ክዳኑን በፌስታል የሚጠቀልሉ ብዙ ናቸው። ያው ውጤት ነው።

አሁን ወደ ካርብሬተሩ። የመጀመሪያው ሥራ መፍታት አይደለም፤ ማፍሰስ ነው። ከሥር ባለው ጎድጓዳ ላይ የማፍሰሻ ብሎን አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣችሁ ከሥሩ ያዙና ክፈቱት። ጠርሙሱን ለብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ድቡልቡል ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውጭ ለምታድር ሞተር ይህ በጣም የተለመደ ነው። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ዝናብ ያስገባል። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የተገዛ ቤንዚንም ከውሃና ከቆሻሻ ጋር ይመጣል። ጎድጓዳው ውስጥ ያለ ጠብታ ውሃ ትንሹን ጂግለር ሲደፍን ሚኒሞ ይጠፋል፤ ሲንቀሳቀስ ይመለሳል። ብዙ «የማይታወቅ በሽታ» የሚባለው ይኸው ነው። ውሃ ካገኛችሁ ታንኩንም አፍስሱ፤ አለዚያ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ከልቤ ላስጠንቅቅ። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ግቢው ውስጥ ከሰል እንዳይኖር። ቡና የሚፈላ ከሆነ ቡናው ያልቃል፣ ከዚያ ትሠራላችሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ራቅ ያለ ፍም ድረስ ይደርሳል።

የሌሊቱ ማንጠባጠብ የጋሊጃንቴው (ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ) ነገር ነበር። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ወደ ላይ ይወጣና መግቢያውን ይዘጋል። እዚህም እንዲሁ ነው። ጋሊጃንቴው ሲነሳ ትንሽ ሹል መርፌ ወደ ላይ ይገፋና የቤንዚኑን መግቢያ ይዘጋል። የመርፌው ጫፍ በዕድሜ ብዛት ቀለበት የመሰለ መስመር ይወጣበታል። ያኔ በደንብ አይዘጋም። ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይሞላና በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ይወጣል። መርፌውን አውጥታችሁ ጫፉ ላይ ጥፍራችሁን አሳልፉት። ጥፍራችሁ ከተያዘ መርፌው ይቀየር። የሚቀመጥበትንም ቀዳዳ አጽዱ፤ አንዳንዴ ጥፋቱ እዚያ የተቀመጠ አሸዋ ብቻ ነው። ጋሊጃንቴውን ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ቤንዚን ከተንቀሳቀሰ ተበስቷል፤ አይንሳፈፍም።

ይህ ችግር ከቤንዚን ማባከን በላይ ነው። ትርፍ ማፍሰሻው ተደፍኖ ከሆነ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ይገባና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። ስለዚህ የምታንጠባጥብ ሞተር ካለቻችሁ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከልኩ በላይ ከሆነ ሳታስነሷት ዘይቱን ቀይሩ። መርፌው እስኪቀየር ድረስ ደግሞ ባቆማችሁ ቁጥር ከታንኩ ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ ዝጉ። ከተቀየረ በኋላም ልማድ አድርጉት።

ስትፈቱ ለብሎኖቹ ተጠንቀቁ። የጃፓን ብሎኖች ባለ መስቀል ጭንቅላት ከተለመደው ካቻቪቴ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይበላዋል። በደንብ የሚቀመጥ ካቻቪቴ ፈልጉ፣ መጀመሪያ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፣ ከዚያ አዙሩ። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። ነጭ ጨርቅ ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል ደርድሩት። ጓርኒሲዮኑን (መጋጠሚያው ላይ ያለውን ማሸጊያ) አትቅደዱት፤ ለአሮጌ ሞዴል ቶሎ አይገኝም።

ትንሹ ጂግለር የነሐስ ቁራጭ ነው፤ ቀዳዳው ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። ለብርሃን አዙሩት። ክብ ብርሃን ካላያችሁ ተደፍኗል። ሞተሯ ከርማ ከሆነ ቤንዚኑ ደርቆ እንደ ቫርኒሽ ይጋግራል። ካርብሬተር ማጽጃ ርጩበትና ይቆይ፤ ከሌለ ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ይደር። ከዚያ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በአየር አስነፉት። ጂግለሩን ብቻ ሳይሆን የካርብሬተሩን ውስጥ ቀዳዳዎች ሁሉ አስነፉ፤ ጋሊጃንቴውና የጎማ ዕቃዎቹ ግን ከመነፋቱ በፊት ይውጡ። አልከፈት ካለ ከመብራት ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ብቻ አውጥታችሁ ሞክሩ። የብረት ሽቦ በፍጹም አታስገቡ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። የኔዋ በቸርችል ዳገት ላይ የምትታፈንበት ምክንያት ይኸው ሽቦ ነበር። ትልቁን ጂግለር ፈትቼ ስመለከተው ንጹሕ ነው። የተጻፈበት ቁጥርም ትክክለኛው ነው። ግራ ገብቶኝ ተክለሃይማኖት አካባቢ ይሠሩ ለነበሩ አንድ አዛውንት ሜካኒክ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«ይቺ ቀዳዳ በሽቦ ታርሳለች» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ግን ልክ ነው እኮ።»

«ቁጥሩማ ያው ነው። ቀዳዳው ነው የሰፋው። ክብ መሆኑ ቀርቶ ዕንቁላል ሆኗል፣ እየው።»

አየሁት። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሰው ሊያጸዳ ብሎ አስፍቶታል። ኬይሂን በሚባለው የጃፓን ካርብሬተር ላይ የትልቁ ጂግለር ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት የሚነግር ነው፤ 100 ማለት 1 ሚሊ ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ልኬት ላይ ሽቦ ሲገባ የሚያመጣውን አስቡት። ሌላ ነገርም ልብ በሉ፤ ሚኩኒ የሚባለው ሌላው የካርብሬተር ዓይነት ቁጥር በሌላ መንገድ የሚለካ ስለሆነ ከኬይሂን ጋር አይመሳሰልም። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርዳችሁ ጂግለር ስትገዙ ቁጥር ብቻ አትናገሩ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥርሱንም ርዝመቱንም አስተያዩ። በርካሽ የሚሸጠው ኪት (አንድ ላይ የታሸገ የካርብሬተር መጠገኛ ዕቃ) ውስጥ ያሉት ጂግለሮች የተጻፈባቸውን ያህል ሳይሆኑ ይገኛሉ። እኔ ከኪቱ ጓርኒሲዮኑንና የጋሊጃንቴውን መርፌ ወስጄ፣ ትልቁን ጂግለር ለብቻው ኦሪጅናል ፈልጌ ነው የገዛሁት። ደህና ያሉትን አሮጌ ጂግለሮቻችሁን ደግሞ አትጣሉ።

አዲሱ ጂግለር ከገባ በኋላ ጭሱ በጣም ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርብሬተር ደግሞ የአየሩን ክብደት አያውቅም፤ የሚያውቀው ሲያልፍበት የሚፈጥረውን መሳብ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የመጣ ካርብሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ምንም ሳይበላሽ ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን ሞተር ደጋግሞ ማጽዳት ምንም አይጨምርላትም። የሚያስፈልጋት ከፋብሪካው ቁጥር አንድ ደረጃ ያነሰ ትልቅ ጂግለር ነው፤ አንዳንዷ ሁለት ደረጃ ትፈልጋለች። የኔዋ በአንድ ደረጃ ተስተካከለች። ካንዴላዋ ቡናማ ሆነ፤ ዳገቱንም ሳትታፈን መውጣት ጀመረች።

አንድ እውነት ግን ተቀበሉ። ጂግለር ማሳነስ ጭሱንና መታፈኑን ያጠፋል እንጂ በከፍታው የተወሰደውን ጉልበት አይመልስም። 125 ሞተር አዲስ አበባ ላይ እንደ አዋሽ አይጎትትም። ይህን ሳያውቁ «ጉልበት የላትም» እያሉ ከጋራዥ ጋራዥ የሚያዞሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ደግሞ አደገኛው ነው። ለአዲስ አበባ ያሳነሳችሁትን ጂግለር ይዛችሁ ቆላ ስትወርዱ ቤንዚን ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ፒስተን እስከመያዝ ይደርሳል። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ደርሶ ለመመለስ ብዙም አልሰጋም፤ ረጋ ብዬ እነዳለሁ። 1,000 ሜትር አካባቢ ወዳለው አዋሽ ስወርድ ግን የፋብሪካውን ጂግለር መልሼ ሳልገጥም አልሄድም።

ቤንዚን በዝቷል ወይስ አንሷል የሚለውን ካንዴላ ሳትፈቱም መለየት ይቻላል። ችግሩ በሚታይበት ቦታ ላይ እያለች ቾኩን (በብርድ ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን) በትንሹ ሳቡት። ከተሻላት ቤንዚን አንሷታል። ከባሰባት በዝቶባታል። ለበዛባት ሌላ ማረጋገጫ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስቶ አጭር ርቀት መሞከር ነው። ከቀለላት ያው በዝቷል። አቧራ እንዳይገባ ወዲያው መልሱት።

አሁን ወደ ብሎኖቹ መምጣት ይቻላል። ከውጭ የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንዱ ስላይዱን ከፍ የሚያደርገው የሚኒሞ ብሎን ነው። ሌላው ድብልቁን የሚያስተካክል ቀጭን ብሎን ነው። ይህኛው የት እንዳለ እዩ። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን ነው የሚቆጣጠረው፤ ስትፈቱት ቤንዚን ይጨምራል። ወደ አየር ፊልትሮው በኩል ከሆነ ደግሞ አየር ነው፤ ስትፈቱት ቤንዚን ይቀንሳል። ይህን ሳይለዩ ማዞር ጨለማ ውስጥ መሥራት ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ እስኪነካ ድረስ አጥብቁት፤ ስንት ዙር እንደሆነ እየቆጠራችሁ ጻፉት። አታስጨንቁት፤ ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ፍቱት። ሞተሩን በደንብ አሙቁ። ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚረጋበትን ቦታ በሩብ ዙር እየሄዳችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ የሚኒሞ ብሎኑን ዝቅ አድርጉ።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋ ካለ፣ ወይም ነዳጅ ለቃችሁ ሞተሩ ቶሎ አልወርድ ካለ፣ ብሎኑን ተዉትና ካርብሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ እዩ። በአሮጌ ሞተሮች ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሲታጠፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሚኒሞ ላይ እያለች ዙሪያውን ውሃ ርጩበት። ድምጿ ከተለወጠ አየር ያስገባል። በቤንዚን የሚሞክሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በጋለ ሞተር ላይ ይህን አታድርጉ። ማጣበቂያ ለጊዜው እንጂ አይቆይም፤ ቤንዚን ይበላዋል። ጎማውን መቀየር ነው።

ሁሉንም አድርጋችሁ ሚኒሞዋ አሁንም አንድ ቀን ደህና ሌላ ቀን መጥፎ ከሆነ፣ ስላይዱን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ለብዙ ዓመት ወደ ላይና ወደ ታች ሲፋተግ ጎኑ ይበላል። ቤቱ ውስጥ ከተንቀጫቀጨ በዙሪያው አየር ያልፋል፤ ይህን ጂግለርም ብሎንም አያስተካክለውም። ያኔ ሙሉ ካርብሬተር መግዛት ነው፤ አፉ በስፋት ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ። የኔው ስላይድ ትንሽ መጫወት ጀምሯል። ለጊዜው ትሠራለች። ሱማሌ ተራ በሄድኩ ቁጥር ግን ከወዳደቀ ኤክስኤል የወጣ ጥሩ ስላይድ እጠይቃለሁ።